ስለ መድኃኒት ስምና ስለ መድኃኒት ልክ

ሰው በገዛ ቤቱ የሠራውን ስሕተት በአደባባይ መናገር አይወድም። ይልቁንም ስሕተቱ በወላጅ እናት ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፥ እንኳን ለሌላ ሰው ለራስ መናገሩም ያሳፍራል። ነገር ግን በእኔ ቤት የሆነው ነገር በብዙ ቤት ሊሆን የሚችል መሆኑን ስለ ተረዳሁ፥ ኀፍረቴን ለብቻዬ ይዤ ከምቀመጥ ለአንባብያን ብገልጸው ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

እናቴ በልጅነታቸው ጕሮሮአቸውን አሞአቸው፥ ቀጥሎም መገጣጠሚያን እያሳበጠ የሚያሠቃይ ትኩሳት ይዞአቸው ነበር። ይህ ሕማም በአገራችን ብዙ ሕፃናትን የሚይዝ ሲሆን፥ ከመገጣጠሚያው ለቅቆ ሲሄድ የልብን በር አበላሽቶ መሄድ ልማዱ ነው። በእርሳቸውም ላይ እንዲሁ ሆነ። በልጅነት የገባው ጕዳት በእርጅና ጊዜ ተገለጠ፤ ደረጃ መውጣት፥ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ማስቀደስ፥ በመጨረሻም ጋደም ብሎ መተኛት እንኳ ተሳናቸው። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. ታናሽ እኅቴ ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ ሄደው፥ በግራው የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው እልፍኝ መካከል ያለው በር ተቀዶ ወጥቶ በእርሱ ፈንታ በሰው እጅ የተሠራ በር ገባላቸው።

ይህ በር በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀን በሰው ድምፅ ስለሚዋጥ አይሰማም፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያለ ችግር ይሰማዋል። የእኔ መኝታ ክፍል ከእናቴ ክፍል አጠገብ ስለ ሆነ፥ ከመተኛቴ በፊት ገብቼ ያንን ድምፅ ሳልሰማ አላድርም። ልጆቼም «የእማማ ሰዓት» ይሉታል።

እንዲህ ያለ በር ያለው ሰው ግን አንድ ነገር ግድ ይሆንበታል። ደም ከባዕድ ነገር ጋር ሲገናኝ መርጋት ባሕርዩ ነው። በበሩ ላይ የረጋ ደም በሩን ያጣብቀዋል፤ ወይም ተቈርሶ ወደ አንጎል ሄዶ አካልን ያሰንፋል፥ አንደበትን ይዘጋል። ይህ እንዳይሆን ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። በተለምዶ «የደም ማቅጠኛ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ደምን እንደ ወጥ ውኃ ጨምሮ የሚያቀጥን አይደለም። ጉበታችን ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው ቫይታሚን ኬ በሚባለው ረዳት ነው። መድኃኒቱ ይህን ረዳት በከፊል ሥራ ያስፈታዋል፤ ስለዚህ ደም ቶሎ አይረጋም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በልክ ላይ የቆመ ነው፤ መጠኑ ካነሰ ደም ይረጋል፥ ከበዛ ደም ይፈሳል።

የመድኃኒቱ ስም ዋርፋሪን ነው። ታሪኩ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1920 በኋላ ባሉት ዓመታት በአሜሪካና በካናዳ ከብቶች የሻገተ ድርቆሽ በልተው፥ በጥቂት ቍስል ደማቸው ሳይቆም እየፈሰሰ ያልቁ ጀመር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርል ፖል ሊንክ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር ደክመው ደሙን የሚያፈስሰውን ነገር ከድርቆሹ ውስጥ ለይተው አወጡት። ከዚያም የተገኘውን አዲስ ቅመም ለምርምሩ ገንዘብ በሰጠው በዩኒቨርሲቲው ማኅበር ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ዋርፋሪን አሉት። እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መግደያ ተሸጠ፤ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ታከሙበት። መርዝና መድኃኒት አንድ ነገር ሆነው በመጠን ብቻ እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ይህ ዋርፋሪን ለብዙ ዘመን በአሜሪካ የሚሸጠው ኩማዲን በሚባል የንግድ ስም ነበር። በሰዋስው ትምህርት የተጸውዖ ስምና የወል ስም የሚባሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የመድኃኒትም ነገር እንዲሁ ነው። ኩማዲን የተጸውዖ ስሙ ነው፤ የስሙ ባለቤት አንድ ፋብሪካ ነው። ዋርፋሪን የወል ስሙ ነው፤ ሕጉን የፈጸመ ፋብሪካ ሁሉ በዚህ ስም ሠርቶ ሊሸጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ሌሎች ፋብሪካዎች በወል ስሙ እየሠሩ በርካሽ መሸጥ ጀምረዋል። እናቴ ግን ከቀዶ ጥገናቸው ጀምሮ የሚወስዱት ኩማዲኑን ነበር። በየሁለት ዓመቱ እየሄዱ የሚያያቸው ሐኪም ወረቀቱን ይጽፋል፥ እኅቴ ትገዛለች፥ መንገደኛ በተገኘ ቍጥር ይላክልናል።

እናቴ የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። ስለዚህ መድኃኒታቸውን የሚያውቁት በመልኩ ነበር። የታዘዘላቸው በቀን 6 ሚሊግራም ሲሆን፥ ይህም አንዱ ክኒን ባለ 5፥ አንዱም ባለ 1 ነው። ባለ 5ቱ የኮክ ፍሬ መልክ አለው፤ ባለ 1ዱ የጽጌረዳ አበባ መልክ አለው። እናቴም አንዱን «ኮክ»፥ ሁለተኛውን «ጽጌረዳ» ብለው ሰይመው፥ ከእናታቸው በወረሱት ክፍልፋይ ባለው የብር ሣጥን ለየብቻ አስቀምጠው፥ ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ አንድ ኮክና አንድ ጽጌረዳ ይውጣሉ። በ12 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳቱ አላየሁም።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር እኅቴ በስልክ ጠራችኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ጋሼ፥ ባለቤቴ ከሥራ ከወጣ ሦስተኛ ወሩ ነው። አልነገርኋችሁም እንጂ የእማዬን ኩማዲን የገዛሁት ተበድሬ ነው። ያው መድኃኒት በወል ስሙ በሩብ ዋጋ ይገኛል። እርሱን ልላክላችሁን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ተጣላብኝ። በአንድ በኩል እኅቴ ለእናታችን ስትል በዕዳ መያዝዋ አሳዘነኝ። በሌላ በኩል «ርካሽ» የሚለው ቃል ከእናቴ ስም ጋር መነሣቱ ከበደኝ። ለእናት የሚገዛ ቀሚስ እንኳ ርካሽ ቢሆን ሰው ይታዘባል፤ ይልቁንም ለልባቸው የሚገዛ መድኃኒት! ለብዙ ቀን ካሰብሁ በኋላ ግን «እንግዲያስ አንቺ ከዚህ በኋላ አትቸገሪ፤ እኔ ልጅነቴን እወጣለሁ። መድኃኒቱን እዚሁ ከአዲስ አበባ እገዛለሁ» አልኋት።

በማግሥቱ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ባለ 5 ሚሊግራም ዋርፋሪን ተገኘ፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ዋጋውም ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ ነበር። ባለ 1 ሚሊግራሙ በዚያ ቀን አልነበረም፤ ሆኖም ከአሜሪካ የመጣው ገና ስላላለቀ አላሳሰበኝም። መድኃኒት ቀማሚዋ ወጣት ሴት ናት። ገንዘቡን ስከፍል «ጌታዬ፥ የፋብሪካ ለውጥ ነውና ለሐኪማቸው ያስታውቁ፤ ከሳምንት በኋላም ደማቸውን ያስለኩላቸው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኋት። ከበሩ ስወጣ ግን ቃልዋን እዚያው ትቼው ወጣሁ። የእናቴ ደም የሚለካው በወር አንድ ጊዜ ስለ ነበረ፥ ወሩ ሲደርስ ይታያል፥ እስከዚያው የመመላለሻና የምርመራ ገንዘብ ለምን ይወጣል ብዬ አሰብሁ። ቍጠባ አንድ ጊዜ ከጀመረ ማቆሚያው አይታወቅምና፥ ከመድኃኒቱ የቈጠብሁት አልበቃ ብሎኝ ከልኬቱም ቈጠብሁ።

ዕለቱ የሥራ ቀን ነበረ። ካፖርቴን እንደ ለበስሁ፥ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ፥ ፓኮውን ለእናቴ ሰጥቼ «ይህ በኮኩ ፈንታ ነው» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልጨመርሁም።

እናቴ ፓኮውን ከፍተው ቢያዩ በውስጡ ያለው ክኒን መልኩ ጽጌረዳ ነው። እኔ የተናገርሁት ስለ ኮክ ነው፤ እርሳቸው ያዩት ጽጌረዳ ነው። ልጄ በችኰላ ተሳስቶ ነው ብለው አዲሱን ክኒን ከቀድሞው ጽጌረዳ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አኖሩት። ከኮኩም ገና ብዙ ቀርቶ ስለ ነበረ፥ የተረፈውን መጣል አግባብ አይደለም ብለው እንደ ልማዳቸው አንድ ኮክና አንድ ጽጌረዳ መዋጣቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል። አዲሱ ጽጌረዳ ባለ 1 አይደለም፥ ባለ 5 ነው። እናቴ በቀን 6 ሚሊግራም መውሰድ ሲገባቸው፥ እጃቸው አዲሱን ባነሣ ቍጥር 10 ይወስዱ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ በክንዳቸው ላይ ሰፊ የበለዘ ነገር አየሁና ምን ነካዎ ብላቸው፥ «በር ነክቶኝ ይሆናል» አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ አፋቸውን ሲጕመጠመጡ ከድዳቸው ደም ወጣ። በዚያው ሌሊት ነስር ያዛቸው። በቀዝቃዛ ውኃ ቢሞከር፥ አፍንጫ ተይዞ ቢቈይ አልቆም አለ። ነጭ ነጠላቸው እስከ ጫፉ ቀላ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያ የበራቸው ድምፅ እንደ ወትሮው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የሚፈሰውን ደም የሚቈጥር መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ፈርቼ አላውቅም።

ወደ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ደማቸው ሲለካ ቍጥሩ 8 ሆኖ ተገኘ። ይህ አይ ኤን አር የሚባለው ልኬት መድኃኒት በማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 ገደማ ነው፤ ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይታዘዛል፤ እናቴ የገባላቸው ዓይነት በር ያለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 ሊሆን ይገባዋል። ከዚህ ሲያልፍ ደም በአንጎል ውስጥ እንኳ በድንገት ሊፈስ ይችላል። ሐኪሙ ነስሩን አቆሙ፤ ዋርፋሪኑን ከለከሉ፤ ጥቂት ቫይታሚን ኬ በአፍ ሰጡ። ለምን ብዙ አይሰጥም ብዬ ብጠይቅ፥ «ብዙ ብንሰጥ ደሙ ባንድ ጊዜ ወደ መርጋት ይመለስና በሩን እናጣዋለን። ከአንዱ ገደል ሸሽተን ወደ ሌላው አንገባም» አሉኝ። ስለዚህ በየቀኑ እየለኩ ቀስ ብለው እንዲመለሱ አደረጉ።

በማግሥቱ ጠያቂ መጣ። አክስቴ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ ከጠየቁ በኋላ፥ «እናት አንዲት ናት። በእናት መድኃኒት ይቈጠባልን? ያ ርካሽ ነገር ነው የጎዳቸው» አሉ። እኔም እውነት ነው አልሁ። መድኃኒት ቤቱንም፥ ፋብሪካውንም፥ መድኃኒቱ የመጣበትንም አገር እየጠራሁ አማረርሁ። ሁለተኛ ርካሽ መድኃኒት ወደ ቤቴ አይገባም ብዬ በሰው ፊት ማልሁ። ስናገር ድምፄ ከፍ ማለቱን አስታውሳለሁ፤ ጥፋተኛ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረጉ የተለመደ ነው።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ «ጌታዬ፥ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማስቀመጫው ያምጡልኝ» አሉኝ። የብር ሣጥኑን አመጣሁ። ሐኪሙ በአልጋው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ክኒኖቹን አፈሰሱና፥ «እማማ፥ እንደ ማታው አድርገው ያሳዩኝ» አሏቸው። እናቴ ደካማ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ኮክ አነሡ፤ አንድም ጽጌረዳ አነሡ። ሐኪሙ ጽጌረዳውን ተቀብለው በላዩ የተቀረጸውን ቍጥር አሳዩኝ፤ 5 ይላል። ከዚያው ክፍል ሌላ ጽጌረዳ አንሥተው አሳዩኝ፤ 1 ይላል። ሁለቱን በመዳፋቸው ላይ አጠገብ ላጠገብ አድርገው ያዙ። መልካቸው አንድ ነው።

«በአሜሪካ ዋርፋሪን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ቢሆኑም ለየመጠኑ አንድ ዓይነት መልክ ይዘዋል፤ ባለ 1ዱ ጽጌረዳማ፥ ባለ 5ቱ ኮክማ ነው። በእንግሊዝ ልማድ ግን ጽጌረዳማው ባለ 5 ነው፤ ባለ 1ዱ ቡናማ ነው። ሰማያዊው እንኳ በአሜሪካ ባለ 4 ሲሆን በእንግሊዝ ባለ 3 ነው። መልክ የሚያስተምረው በገዛ አገሩ ብቻ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «መድኃኒቱ ደኅና ነው። የተጻፈበትን ያህል ሥራ ሠርቷል። ይህን እማማ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ የሚያነብላቸው ያስፈልጋቸው ነበር» አሉ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። እናቴ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጄ ነግሮኝ ሳለ አልሰማሁትም» አሉ። ይህን ሲሉ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ እርሱ ወጋኝ።

ሐኪሙ ደግሞ ስለ ጾሙ ጠየቋቸው። እናቴ በጾም ወራት ጎመን ያዘወትራሉ። ጎመን ቫይታሚን ኬ የበዛበት ስለ ሆነ የዋርፋሪኑን ኀይል ይቀንሳል፤ ጾም ሲገባ በዝቶ ፋሲካ ሲሆን የሚቀር እንደ ሆነ የደሙ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። ሐኪሙ «ጎመኑ ወደ ታች እየጎተተው እንኳ 8 ከደረሰ፥ ያለ ጎመኑ የት ይደርስ ነበር?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎመን አትብሉ አላሉም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑ እንዲመጣጠን፥ ለውጥ ሲኖር ግን ደሙ እንዲለካ አዘዙ። አስፕሪንና የመሳሰለውንም የሕመም ማስታገሻ ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ ከለከሉ።

እኔም በመጨረሻ የልቤን ጠየቅሁ። «ታዲያ በወል ስም የሚሸጠው ከኩማዲኑ ጋር በእውነት እኩል ነውን?» አልኋቸው። ሐኪሙ የሰጡኝ መልስ ለአንባብያንም ስለሚጠቅም እንደ ተረዳሁት እጽፈዋለሁ።

ሕግ ባለበት አገር በወል ስም የሚሸጥ መድኃኒት ዋናው ቅመሙ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ መጠኑም እንዲሁ። ወደ ደም የሚገባውም በምን ያህል ፍጥነትና በምን ያህል ብዛት እንደ ሆነ ተፈትኖ ከመጀመሪያው ጋር መቀራረቡ ይረጋገጣል፤ እንደ ዋርፋሪን ልኩ ለጠበበ መድኃኒት የሚፈቀደው ልዩነት ከሌላው የጠበበ ነው። የሚለየው መልኩ፥ ቅርጹ፥ ማጣበቂያውና ስሙ ነው። ዋጋው የረከሰውም መድኃኒቱ ስለ ተበላሸ አይደለም፤ የፈጣሪነት መብት ዘመን አልቆ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚወዳደሩ፥ አዲስ ሠሪዎችም የመጀመሪያውን የምርምር ወጪ ስለማይደግሙ ነው። ሐኪሞች ሁለቱን በሕሙማን ላይ አነጻጽረው በጠቅላላው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ነገር ግን አንዱ ሰው እንደ ሌላው ስላልሆነ፥ ፋብሪካ በተለወጠ ቍጥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ ይለካ፤ የሚስማማ ከተገኘ በኋላም ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ ፋብሪካ እየተባለ አይመላለስ ብለው ይመክራሉ። ዋርፋሪን ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ውጤቱ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰው ደኅና ነኝ እያለ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚገልጠው ልኬቱ ብቻ ነው።

ልኬት የማያስፈልጋቸው አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች መኖራቸውን ሰምቼ ስለ ነበር እርሱንም ጠየቅሁ። ለብዙ ሕሙማን መልካም ናቸው አሉኝ፤ በሰው እጅ የተሠራ የልብ በር ላለው ግን አይሆኑም። ዳቢጋትራን የሚባለው አንዱ እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱም የደም መፍሰሱም ስለ በዛ ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆሟል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እንግዲህ ለእናቴ ከዋርፋሪን ሌላ መሸሻ የለም።

እናቴ በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ ምሽት በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ተቀምጬ ራሴን መረመርሁ። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ጥቂት ብር ሲወጣ ሦስት ፊርማ የምጠይቅ ሰው ነኝ። አንድ ጠረጴዛ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር በመዝገብ ካልተጻፈ የበታቾቼን እቈጣለሁ። የእናቴን የልብ መድኃኒት ግን ካፖርቴን እንደ ለበስሁ በር ላይ ቆሜ፥ ያለ መዝገብና ያለ ርክክብ በአራት ቃል አስረከብሁ። ከዚያም ነገሩ በተበላሸ ጊዜ የመድኃኒቱን ርካሽነት ከሰስሁ። ውድ መድኃኒት መግዛት ልጅነቴን የሚያስመሰክርልኝ መስሎኝ ነበር፤ አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማንበብ ግን ምንም ዋጋ የሌለው ሆኖ ሳለ እርሱን ነፈግኋቸው።

በማግሥቱ አንድ መዝገብ ገዛሁ። አምስት ዐምድ አሰመርሁበት፤ ቀን፥ የፋብሪካው ስም፥ የክኒኑ መጠን በሚሊግራም፥ የደሙ ልክ፥ የሐኪሙ ትእዛዝ። ከሐኪሙ ጋር ተማክሬ በወል ስሙ የሚሸጠውን ዋርፋሪን መልሼ ገዛሁ፤ በሰው ፊት የማልሁትንም መሐላ በሰው ፊት አፈረስሁ። የቀድሞዎቹን ክኒኖች ሁሉ ከቤት አስወጣሁ። የብር ሣጥኑንም እናቴ ራሳቸው አንሥተው «ይህስ ለጌጥ ይሁን፤ ክኒኑ ከነጽሕፈቱ በፓኮው ይቀመጥ» አሉ። የበኵር ልጄ ማታ ማታ ቍጥሩን ለአያትዋ ጮኻ ታነብላቸዋለች፤ እናቴም ሰምተው ይደግሙታል፥ ከዚያ ይውጣሉ። የመጀመሪያው ልኬት በሳምንቱ 2.4 ሆነ፤ ሐኪሙ ጥቂት አስጨመሩ። ሁለተኛው 2.8፥ ሦስተኛው 3.0 ሆነ። ከዚያ በኋላ በርካሹ መድኃኒት እንደ ውዱ ሆነው ኖሩ። ከዋጋው ልዩነት የተረፈው ገንዘብ የዓመቱን ልኬት ሁሉ ከፍሎ ተረፈ፤ እኅቴም ዕዳዋን ከፈለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2020፥ የኩማዲን ባለቤት የሆነው ፋብሪካ በሥራው ላይ ችግር ስላጋጠመው በአሜሪካና በአንዳንድ ሌሎች አገሮች መሸጡን ማቆሙን አስታወቀ። እኅቴ በስልክ ነግራኝ «ያን ጊዜ ባንለውጥ ኖሮ ዛሬ ግድ ይሆንብን ነበር» አለችኝ። እውነትዋን ነው። ስሙን ብቻ አምነው የኖሩ ብዙዎች ወደ ወል ስሙ ተሻገሩ። ስሙ አለፈ፤ መድኃኒቱ ግን ቀረ።

እንግዲህ ለአንባብያን የምለው ይህ ነው። በቤታችሁ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቢኖርና ዋጋው ቢከብዳችሁ፥ በወል ስሙ ወደሚሸጠው መዛወር ነውር አይደለም፥ በወላጅም ላይ ንፍገት አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይሁን፤ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቤት አብረው አይደሩ፤ ክኒኑ በመልኩ ሳይሆን በተጻፈበት ቍጥር ይታወቅ፤ ኩማዲንና ዋርፋሪን ሁለት መድኃኒት መስለውት ሁለቱንም የሚውጥ ሰው እንዳይኖር ይነገር፤ ከለውጡም በኋላ ደሙ ይለካ። ከዋጋው ቈጥቡ፤ ከልኬቱ ግን አትቈጥቡ።

እናቴ ዛሬ 74ኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። መዝገቡ ሞልቶ ሁለተኛውን ጀምረናል። ትናንት ማታ እንደ ልማዴ ወደ ክፍላቸው ገብቼ በወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። «ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ተኛ እንጂ» አሉኝ። «ሰዓትዎን እየሰማሁ ነው» አልኋቸው። ሳቅ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔም ጥቂት ቈይቼ መብራቱን አጠፋሁ።